የዶሮዋ ወሬ

አንድ ነገር ያናድደኛል። መንዝ ደውዬ «ሁኔታው እንዴት ነው?» ስል አክስቴ ስለ ዶሯቸው ይነግሩኛል።

በቀላሉ የሚገኝ ስልክ ቢሆን ባልከፋኝ። ከጠዋት ጀምሬ ቁጥሩን ስጫን እውላለሁ። ያቺ ስልኩ ውስጥ ያለች ሴትዮ በለሰለሰ ድምፅ «አይገኙም» ትለኛለች። ከምሳ በኋላም ትለኛለች። ማታም ሳትሰለች ትለኛለች። ተስፋ ቆርጬ ስተወው አንድ ቀን ድንገት ይጠራል። ልቤ ቀጥ ይላል።

«እትዬ! ደህና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ደህና ነህ? ልጆችህ ደህና ናቸው? ባለቤትህስ? የሥራህስ ነገር? ያ ጉልበቱን ያመው የነበረው ጎረቤትህ ተሻለው?»

ካርዴ እያለቀ ነው፣ ኔትወርኩ ሊሄድ ነው፣ እሳቸው ግን ከሰላምታው አንዲት አያጎድሉም። ትንፋሽ ሲወስዱ ጠብቄ እገባለሁ። «እትዬ፣ ሁኔታው እንዴት ነው? መንገዱስ? ምን ይወራል?»

«ደህና ነን፣ ምን እንሆናለን። ጥቁሯ ዶሮ ታቀፈች። አሥራ ሁለት እንቁላል አስታቅፌያታለሁ።»

ስልኩ ይቋረጣል።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ሲገባ፣ እኛ አዲስ አበባ ሆነን ካርታ ዘርግተን ጣርማበርና መዘዞ ላይ ጣታችንን ስናንቀሳቅስ፣ ከእትዬ የሰማነው ገብሱ ታጭዶ ሳይወቃ መቅረቱን ነበር። በ2015 ሐምሌ ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱ ለወራት ጠፍቶ፣ መንገዱ ጠዋት ተከፈተ ሲባል ማታ ተዘጋ የሚባልበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ዶሮዋ ወሬውን ሁሉ ጠቀለለችው።

የአጎቴ ልጅ ነገር መርማሪ ነው። «ይህቺ ተራ ዶሮ አይደለችም» አለኝ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሲባል አልሰማህም? እትዬ በስልክ ማውራት ስለሚፈሩ በቅኔ ነው የሚነግሩን።» ከዚያ ቁጭ ብሎ ይፈታ ጀመር። ጥቁር የተባለው ማን እንደሆነ፣ አሥራ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ፣ መታቀፍ ማለት መክበብ ይሁን ማድፈጥ፣ ሁሉንም በየረድፉ አስቀመጠው። ከእሱ የሰሙ ሁለት ዘመዶቻችን ደግሞ ለሌሎች አወሩት። አንደኛው እንዲያውም ወሬውን ከውጭ አገር መልሶ ለእኔ ደወለልኝ። ዶሮዋ ባሕር ማዶ ተሻግራ መጣች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ትርጓሜው ተገለጠ። አሥራ አንድ ጫጩት ተፈለፈለ፤ አንዱ እንቁላል ገማ። የአጎቴ ልጅ የገማው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ እያጠና ነው።

አንድ ጊዜ ታዲያ ኔትወርኩ ቆየና እሳቸው ጠየቁኝ። «አንተስ፣ እዚያ ምን አለ?» አሉ። ሐምሌ 2016 ነበር። የብርን ምንዛሬ ገበያ ይወስነው በተባለ ሰሞን ነው። እኔም ስለ ዶላሩ፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ነገ ምን ሊሆን እንደሚችልና ከነገ ወዲያ ምን ሊብስ እንደሚችል ዘረዘርኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። አልበላሁም ነበር። «ታዲያ ምኑን ነው የምታወራው!» ብለው ተቆጡኝ።

የእትዬን ጠባይ የማውቀው ከልጅነቴ ነው። ክፉ ወሬ ይዞ እየሮጠ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ ውሃ ይሰጡታል፣ ቀጥሎ ቆሎ ያቀርቡለታል፣ ከዚያ «እስቲ አሁን ተናገር» ይሉታል። ሰውዬው አፉ ቆሎ እየቆረጠመ «አገር ጠፋ!» ቢል እንኳ ድምፁ ደህና አይወጣም። አገር ጠፋ ለማለት ባዶ አፍ ይፈልጋል። የእኛ ቤት ሰፌድ የብዙ ሰው ሽብር በልቷል።

በኮሮና ጊዜም እንዲሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. ዓለም ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰው ሁሉ ዳቦ መጋገር ጀመረ። ዱቄትና እርሾ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ጠፋ። ሰዉ የጋገረውን ፎቶ እያነሣ ለሰው ያሳይ ነበር፤ ሊጥ ማቡካት ጭንቀት ያስለቅቃል እያሉ ሐኪሞች ሳይቀሩ መከሩ። ይህን አንብቤ ለእትዬ ነገርኳቸው፤ የሚደነቁ መስሎኝ። እሳቸው ግን በእውነት አዝነው «እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚጋግርላቸው?» አሉ።

መንዝን ለማያውቅ ትንሽ ልንገር። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሲሄዱ ጣርማበር ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ አለ። በመዘዞ፣ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይገባል። ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉ ሦስት አባቶች ምድሩን ተካፈሉት ይባላል፤ ዛሬም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ተብሎ ይጠራል። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዝበት ነጋሲ ክርስቶስም ከዚሁ ከመንዝ፣ ከአጋንቻ ነው የተነሣው። ይህን ያህል ታሪክ ያለው አገር ዛፉ ጥቂት ነው። ድንጋይና ገብስ፣ በግና ብርድ ግን ሞልቷል። በተለይ ብርድ።

ብርዱ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይዞ ይመጣል። ሌሊቱን ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ታዲያ የመንዝ ትልቁ ጉባኤ ይከፈታል፤ ፀሐይ መሞቅ። ሌላ አገር ሰው ቡና ቤት ይገናኛል። የእኛ ሰው የሚገናኘው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ባደረገ የድንጋይ ግድግዳ ሥር ነው። ሽማግሎች ባናቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈው ይደረደራሉ፣ ጎልማሶች ፊት ለፊት፣ ልጆች ዳር። ማንም ቦታ አይመድብም፣ ማንም ቦታውን አይስትም። መጀመሪያ ማንም አይናገርም። ፀሐዩ ጉልበት ድረስ ሲደርስ አንዱ ያስላል። ደረት ሲደርስ ወሬ ይጀመራል። የሌሊቱ ተኩስ የየት እንደነበረ፣ የማን ልጅ እንዳልተመለሰ፣ የማን በግ እንደወለደች በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ለዛ ይነገራል። ክፉው ወሬ ከበጓ ወሬ አይበልጥም፣ አያንስም። ተራውን ጠብቆ ይነገርና ያልፋል።

የእህቴ ባል የመርሐቤቴ ሰው ነው። መጀመሪያ መንዝ የመጣ ጊዜ ይህን አይቶ «ሰዉ ምን ነክቶት ነው ከግድግዳ የተጣበቀው?» ብሎ ነበር። እነሱ ጋ ነገሩ ግልብጥ ነው። ከለሚ ተነሥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ይመሰክራል፤ እያንዳንዱ ጥምዝ አንድ ልብስ ያስወልቃል። ዓለም ከተማ እስኪደርሱ ድረስ መንገደኛው የሚያወራው ስለ ጥላ ነው። «እናንተ ፀሐይ ትጠብቃላችሁ፣ እኛ ዛፍ ሥር እንጠብቃለን» ይላል አማቻችን፣ «የምንጠብቀው ግን አንድ ነው።» ምኑን እንደሚጠብቁ ተናግሮ አያውቅም። አንድ የግሼ ራቤል ሰው ይህን ክርክር ሰምቶ «እኛስ መኪና ነው የምንጠብቀው» ብሎ ዘጋው።

ቁጭ ብሎ መሞቅ ግን የወንዶቹ ነው። ሴቶቹ ሲሞቁም አይቀመጡ። የመንዝ ሴት እንዝርቷን ይዛ ነው የምትወጣው፤ ገበያ ስትሄድ የበግ ፀጉሯን እየፈተለች፣ ለቅሶ ስትሄድ እየፈተለች፣ ወሬ ስትሰማም እየፈተለች። ከዚያ ፈትል ነው ባናውና ዝተቱ የሚሠራው፤ በርኖሱም። እትዬ የበኩር ልጃቸው ወሬው በጠፋ ጊዜ አንድ ባና የሚበቃ ፈትል ፈትለዋል። ልጁ በኋላ ደህና ተገኘ፤ ስልኩን ሸጦ ነው ድምፁ የጠፋው። ሲመጣ ባናውን አለበሱትና «ይኸውልህ፣ ያስጨነቅኸኝን ያህል» አሉት። ወፍራም ባና ነው። ልጁ ሲለብሰው ያፍራል፤ ግን አይጥለውም፤ ይሞቃላ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ስለ ጭንቀት ሥልጠና የሚሰጥ። ክፍያው ቀላል አይደለም። ሰልጣኞቹን በክብ አስቀምጦ «እጃችሁን ሥራ ስጡት፣ ትንፋሻችሁን አድምጡ፣ አሁን ያላችሁበትን ደቂቃ ኑሩ» ይላቸዋል። አንድ ቀን ስለ እትዬ እንዝርት ነገርኩት። ማስታወሻ አወጣና ጻፈ። በሚቀጥለው ወር ዋጋ ጨመረ አሉ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ይህ አገር የማይታወቅ ነገን አሁን አይደለም ያወቀው። የ1880ዎቹ ክፉ ቀን፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰው ቁርበት የበላበት ዘመን፣ ዛሬም በሽማግሌ አፍ ውስጥ አለ። የእኔ አያት ያንን ዘመን ከእናታቸው ሰምተው ለእኛ ሲነግሩን ሁልጊዜ የሚጨርሱት ስለ አንዲት እፍኝ ገብስ ነበር፤ ለዘር ብላ ስለደበቀቻት። ከዚያ በኋላ የመጣው ጣልያን፣ ድርቅ፣ ዘመቻ፣ አብዮት ሁሉ በእፍኝ ነው የሚለካው። ስንት አለፈ ሳይሆን ምን ተረፈ ነው ነገሩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጓሳ ነው። ጓሳ ሣር ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ከዝናብ የሚያስጠልል ጌሳ ይሠራበታል። የሚበቅልበት ደጋም በስሙ ጓሳ ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቀዝቃዛ ሜዳ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት። ያን ሜዳ የመንዝ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ደንብ ሲጠብቁት ኖረዋል። አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ወገኖች አለቃ ይመርጡ ነበር፤ አለቃው «ተዘግቷል» ካለ ሦስት ዓመትም ይሁን አምስት ዓመት ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም ነበር። ሕጉ ቀልድ አልነበረም። በተዘጋ ጊዜ በታጨደ ጓሳ ቤቱን የከደነ ሰው ቤቱ ይቃጠል ነበር ይባላል። ከዚያ በበጋው ወራት ይከፈታል፤ ባለመብቱ ሁሉ ገብቶ ያጭዳል፤ ሲበቃ እንደገና ይዘጋ ነበር። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ለከብቱ መጠጊያ እሱው ነበር።

አስቡት እስቲ። «ነገ ምን ይመጣ ይሆን?» ብለው ሲያንሰላስሉ የመጣላቸው መልስ ሣር መዝጋት ነው። ትንቢት አልተናገሩም፣ ጉባኤ ጠርተው መግለጫ አላወጡም። ሣር ዘጉ። ደንቡ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ጸና፤ ከዚያ በኋላ ተናጋ፤ ኋላም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አደራጅቶት ዛሬ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ይባላል። እትዬ ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው የሚናገሩት፤ «ቤታችን አያፈስም።»

ያንኑ ብልሃት ቤት ውስጥ ይዛችሁ ስትገቡ በሶ ታገኛላችሁ። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈተጋል፣ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል። ከዚያ በኋላ እሳት አይፈልግም። ውሃ ካለ ይበጠበጣል፤ ቅቤ ካለ ጭብጦ ይሆናል፤ ሁለቱም ከሌሉ ቃም አድርጎ መቻል ነው፤ ያኔ ማሳል ብቻ ነው የተከለከለው። በጣልያን ጊዜ በዚሁ በመንዝ ተራሮች ከነራስ አበበ አረጋይ ጋር የዋሉት አርበኞች ስልቻቸው ውስጥ የነበረው ይኸው ነው። ጭስ የማያወጣ ምግብ ለተደበቀ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የተደበቀ ያውቀዋል።

ዛሬ በሶ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። ላስቲኩ ላይ ጡንቻው ያበጠ ወጣት ተስሏል። እትዬ ግን አያምኑትም፤ በየጊዜው ይልኩልኛል። የላኩት በሶ አንዴ መንገድ ተዘግቶ ደብረ ብርሃን አንድ ዘመድ ቤት ከረመ፤ ሲደርሰኝ የዘመዶቼ ልጆች ግማሹን ጨርሰውታል። ደውዬ «ደርሶኛል» ስላቸው «ጎድሎ ነው የደረሰህ?» አሉኝ። «ጎድሏል» አልኩ። «ጎሽ» አሉ ደስ ብሏቸው፤ «እነሱም ደህና ናቸው ማለት ነው።»

ቡናውን አልረሳሁትም። ስለ ቡና የማይጽፍ የአማርኛ ወግ ጸሐፊ ካለ ይፈለግ። እኔ የምለው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ዛሬ ከደሙ ጋር የተዋሐደውን ቡና የደጋው ክርስቲያን ድሮ ይጸየፈው ነበር፤ በሸዋ የተለመደው እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ቆይቶ ነው። ስለዚህ መንዜ ለረጅም ዘመን የተጽናናው ያለ ቡና ነው ማለት ነው። ጠላ ነበራ! የደብረ ብርሃን አረቄም በኋላ መጥቶ አግዟል። የትኛው ያጽናናል፣ የትኛው ያስረሳል የሚለውን ለመለየት ደግሞ ሰንበቴ መሄድ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ ተራው የደረሰ ሰው ዘመኑ ከፋ ብሎ አይቀርም። መንገዱ ተዘጋ፣ ገበያው ፈረሰ፣ ዋጋው ናረ፤ ተረኛ ግን ተረኛ ነው። አንድ ዓመት ተረኛ የነበሩ ሴት ጌሾ ከገበያ ጠፍቶ ሲጨነቁ የሰሙ ጎረቤቶች ከየቤታቸው ጓዳ እየቆነጠሩ አመጡላቸው። ጠላው ሲቀመስ ከወትሮው የመረረ ሆነ፤ ሁሉም ሰው ጌሾ አምጥቶ ነበርና። አንድ ቄስ ቀምሰው «ሳይደግስ አይጣላ ማለት ይኼ ነው፣ ግን ድግሱ በዛ» አሉ።

ከዚህ ሁሉ መጽናኛ ውስጥ አንዱን ግን ማንም ጸሐፊ ሲያነሣው አላየሁም። ክርክር ነው። የፍርድ ቤት ክርክር።

ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ መንዝ ውስጥ ኖሮ «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን ጽፏል፤ መንዜ ከርስቱ ጋር ያለውን ቁርኝት ያየ ሰው ነው። ርስት በ1967 ቀርቷል። ክርክሩን ግን ማንም ቀርተሃል ያለው የለም መሰል፣ እስካሁን አለ። የእትዬ ጎረቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከአንድ ባላንጣቸው ጋር ስለ አንድ ትልም ስፋት ሲከራከሩ ልጆች ወልደዋል፣ ልጆቻቸውም ወልደዋል። ትልሙ ላይ የሚበቅለው ገብስ አንድ ሰፌድ አይሞላም። ለመዝገብ፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ፣ ለምስክር ምሳ የወጣው ገንዘብ ግን ደህና የእርሻ በሬ ይገዛ ነበር።

መንገዱ ለብቻ የማያስኬድ በሆነበት ሰሞን ታዲያ ሁለቱ ሽማግሎች ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት አብረው መሄድ ጀመሩ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ። ማለዳ አንዱ የሌላውን ደጅ ያንኳኳል፤ «ተነሣ፣ ልከስህ ነው፣ ጊዜ አለቀ» ይላል። አንዱ በሶ ይይዛል፣ ሌላው ውሃ። መንገድ ላይ የሚጠይቃቸው ሰው ካለ አንደኛው «ከሳሼ ነው» ይላል፣ ሌላው «ተከሳሼ ነው» ይላል፤ ይታለፋሉ። ማን እንዲህ ያለ ውሸት ይፈጥራል? ዳኛው ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አንድ ጭብጦ ይካፈላሉ፤ ከቀረቡ በኋላ «ይህ ሐሰተኛ!» ይባባላሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ ያችው ስልቻ ትፈታለች።

ከዚያ ፍርድ ቤቱ ለጊዜው ሥራ አቆመ። ሰፈርተኛው አሁንስ ዕርቅ ይወርዳል ብሎ ነበር። እትዬ ግን ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ስጋት ነበር፤ ለጦርነቱ ወሬ ያልታየ ስጋት። «ሰውዬው ከሳ» አሉኝ። «ጠላም አላስደሰተው። ፀሐይ ላይም ቢሆን ዳር ነው የሚቀመጠው።» ባላንጣውም እንዲሁ ሆነ። ቀጠሮ ያለው ሰው የሚነሣበት ቀን ያውቃል፣ ጫማውን ይጠግናል፣ ምስክሩ እንዳይሞትበት ይጸልያል። ቀጠሮ ሲጠፋ ቀኑ ሁሉ ማክሰኞ ሆነባቸው።

የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው መላ ያመጡት። ፀሐይ መሞቂያው ላይ ችሎት ከፈቱላቸው። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ አንድ ልጅ ዳኛ ሆነ። ከሳሽ ቆመው ተናገሩ፣ ተከሳሽ ተነሥተው መለሱ፣ ግድግዳውን የተደገፈው ሁሉ ምስክር ነው። ልጁ ግራ ቀኙን ሰምቶ «ጉዳዩ ለጥምቀት ማግስት ተቀጥሯል» አለ። ሁለቱም ሽማግሎች በአንድነት እጅ ነሱ። በዚያ ሳምንት እትዬ የነገሩኝ ወሬ ስለ ዶሮዋ አልነበረም፤ ስለ ልጁ ነበር፤ «ዳኝነት ያውቃል፣ አይፈርድም» አሉኝ።

የሽማግሌው ልጅ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ እኔ ባለሁበት ደወለላቸው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለመናቸው።

«አባባ፣ ነገሩ እስኪረጋጋ እኔ ጋ ይምጡ። ክፍል አዘጋጅቻለሁ።»

«ቀጠሮ አለኝ።»

«ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል እኮ!»

«እሱ ተዘጋ እንጂ ቀጠሮዬ መች ተዘጋ?»

«አባባ፣ ያ ሰውዬ እንኳ ይሄዳል፤ ሴት ልጁ ደብረ ብርሃን ልትወስደው አይደል!»

ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በንቀት ሳቁ።

«ወዴት አባቱ ይሄዳል፤ እሱም ቀጠሮ አለው።»